ጎይቶም የተባለው ሹፌር

ስሜ ተስፋማርያም ኣባዲ ነው። ቢሮዬ በር ላይ እንዲህ ተብሎ ተለጥፏል፤ መታወቂያዬም፣ ከሆላንድ ያመጣሁት ዲግሪም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስሜን ያስቀደምኩት ልታወቅ ብዬ አይደለም። አንድ ቅዳሜ የዚህን ስም ግማሽ ልደብቅ ብዬ የሠራሁትን ልናገር ስለሆነ ነው።

ኣባዲ አባቴ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት መኪና ነድቷል፤ መጀመሪያ የሰው የጭነት መኪና፣ ኋላ የራሱን ሚኒባስ። አማርኛውን የለቀመው ከደሴ እስከ ሞያሌ ባለው መንገድ ላይ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ መቐለ፣ ዓይደር ባለችው ቤታችን የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና አስተምራለሁ። እሱ ጠዋት ጠዋት ሚኒባሷን ያስነሳና ሞተሩን ያዳምጣል፤ ሥራ ካለ ይወጣል፣ ከሌለ ያጥባታል።

ጣጣው የጀመረው መምህራን ሻይ የምንጠጣበት ክበብ ውስጥ ነው። ሠርክአዲስ የምትባል የስታቲስቲክስ መምህርት ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ሆኗታል። እኔም ያንን ዓመት ሙሉ ክበቡ ውስጥ የት እንደምትቀመጥ እያየሁ ነበር የምቀመጠው። አንድ ቀን ወሬው ወደ ወላጆች ዞረ። የእሷ አባት ፕሮፌሰር ነበሩ። አብርሽ የሚባለው ባልደረባችን፣ ቀልድ ካልተናገረ ምሳ የማይዋጥለት የባሕር ዳር ልጅ፣ አባቴ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። እኔ ከበቅሎ ባስኩ፤ አጎት እንኳ አልጠራሁም። "የመንገድ መሐንዲስ ነበር" አልኩ። የነዳባቸውን መንገዶች የሠራቸው እሱ ቢሆን ብዬ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት፣ ውሸት ሲመቸኝ እውነቱንም ማጋነን ጀመርኩ። ሆላንድ ሳለሁ አንድ ክረምት ዊንድሰርፊንግ ተምሬ ነበር። ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በንፋስ ኃይል ውሃ ላይ መሄድ ነው። ተማርኩ ማለት ከመውደቅ ይልቅ መቆሙ በለጠ ማለት ነው። እኔ ግን ለሠርክአዲስ ስነግራት ባሕሩን በእርሻ በሬ ያረስኩት አስመሰልኩት። አብርሽ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እሷ ግን እስኪ እናያለን አለች፤ ሐሸንጌ ሐይቅ አለ፣ ንፋስ አለ፣ ምን ጎደለ ብላ።

የጎደለ ነገር አልነበረም። ሰሌዳው ቤቴ ነበር። ሐይቆች ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶልኝ የሄደው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ አባቴ እንዳትዘረፍ ብሎ ሚኒባሷን ከግቢያችን ጥግ አስገባት፣ ጎማዎቿን ፈታና ፊት ለፊቷ ግድግዳ ገነባባት። ሰሌዳውን፣ ምሰሶውንና ሸራውን እሷው ውስጥ አስተኛቸው። ከሰል ጠፍቶ ጎረቤት የአልጋውን እግር ባነደደበት ጊዜ እንኳ ያንን ምሰሶ የነካው ሰው የለም። አባቴ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንኳ አያውቅም ነበር። የልጄ ዕቃ ነው ብሎ ብቻ፣ ጦርነቱ አልቆ ግድግዳውን አፍርሶ መኪናዋን እስኪያወጣት ድረስ ጠበቀው።

ስለዚህ ሐሸንጌ ልንሄድ ነው ስለው ደስታው ልክ አልነበረውም። ነዳጁን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅኩትም። ዓርብ ዕለት ሚኒባሷን ሁለት ጊዜ አጠባት። ጢሙን ተላጨ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስወጣ፣ በምረቃዬ ቀን የለበሰውን ግራጫ ኮት ለብሶ ጣሪያው ላይ ሰሌዳውን ሲያስር አገኘሁት። ከታች ብርድ ልብስ አንጥፎለታል፤ የራሱን።

ሲያስር ሲያስር ቆመ። ምሰሶውን ከሰሌዳው የምታያይዝ ክንድ የምታክል የጎማ መጋጠሚያ አለች። በአውራ ጣቱ ጎበጥ አደረጋትና አሳየኝ። በትግርኛችን "ይህች ጎማ ደርቃለች፤ ተሰነጣጥቃለች፤ አታምናት" አለኝ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። "ኣቦ፣ ይሄ የመኪና ጎማ አይደለም" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሺ አለና ገመዱን ጠበቅ አደረገ።

እንዳ ኢየሱስ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ሠርክአዲስና አብርሽ ቆመው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩበትም። መኪናው የአባቴ ነው፣ የሚነዳው አባቴ ነው፣ ሰዎቹ ሊያዩት ነው። ይህን አንድ ላይ አድርጎ የደመረልኝ አእምሮ አልነበረኝም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አባቴ ከመሪው ወርዶ ኮቱን በእጁ አስተካከለና እጁን ዘርግቶ ወደ እነሱ መጣ። የሚናገረውንም ያዘጋጀ ይመስላል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ቀደምኩት። "ሹፌራችን ናቸው" አልኩ።

አባቴን ናቸው ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ደግነቱ ሠርክአዲስ ጨበጠችው። "እንደምን አደሩ አባባ፤ ስምዎን ማን ልበል?" አለችው።

እዚህ አገር ሰው ከአባቱ ስም ወዴት ይሸሻል? ኣባዲ ካለ አለቀልኝ፤ በየቀኑ የምታልፍበት በር ላይ ተጽፏል። አባቴ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ ከኋላ ምን እንደሚመጣ በመስታወት እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"ጎይቶም" አላት። "ጎይቶም እባላለሁ፣ የኔ ልጅ።"

ኮቱን አወለቀ፣ በጥንቃቄ አጠፈው፣ ከመቀመጫው ሥር አስገባውና ሞተሩን አስነሳ። አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። አባቴ ምን ያህል ፈጣን ሰው ነው ብዬ አደነቅኩት እንኳ።

ሠርክአዲስ መንገዱን ልይ ብላ ጋቢና ገባች። እኔና አብርሽ ከኋላ ተቀመጥን። ዓዲ ጉደምን አልፈን ሒዋነ ስንደርስ አብርሽ ጨዋታው መጣለትና አባባ ጎይቶም እንዲህ ከሄዱ ሐሸንጌ የምንደርሰው ለፋሲካ ነው እያለ ነዳጁን እንዲረግጡ ይጎተጉታቸው ጀመር። አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አላጄን ስንወጣ ኩርባው በዛና ሁላችንም ዝም ስንል፣ የሠርክአዲስ ጥያቄ ከፊት ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ልጆች አሉዎት ወይ አለችው።

"ኣንድ ኣለኝ" አለ። "በጣም የተማረ ነው።"

"የት ነው ያለው?"

"ውጭ ሀገር ነው።"

ይደውል እንደሆነ ጠየቀችው። ሥራ ይበዛበታል አላት፣ ማርሹን እየቀየረ። እሷም አይዞዎት፣ አንድ ቀን ይመጣል አለችው። እኔ ከኋላው፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ እያየሁ ተቀምጫለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ራዲያተር ስከፍት የፈላው ውሃ እኔን እንዳያገኘኝ ሲከልለኝ የተረፈችው ናት።

ማይጨው ለምሳ ቆምን። በእኛ መንገድ ልማድ አለ፤ ተሳፋሪ ይዞ የመጣ ሹፌር ምግብ ቤቱ በነፃ ያበላዋል፣ የሚቀመጠውም ለብቻው፣ ከሹፌሮች ጋር ነው። ሠርክአዲስ አብረውን ይብሉ እንጂ ብላ ወንበር ሳበችለት። አባቴ ሹፌር ከተሳፋሪ ጋር አይበላም፣ ደንቡ ነው አላትና ጓዳው በር አጠገብ ወዳለችው የሹፌሮች ጠረጴዛ ሄደ። ወንበሩ ባዶውን ከአጠገቤ ቀረ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ምን እንብላ አልኩ።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ከሹፌሮቹ ጠረጴዛ "ኣያ ኣባዲ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጃፋር ነበር፤ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት የነዳ፣ በሠርግም በለቅሶም ቤታችን የማይጠፋ ሰው። ሠርክአዲስ ቀና አለች። ስማቸው ጎይቶም አይደለም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁ። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ በጃፋር ጆሮ የሆነ ነገር ተናገረ። ጃፋር ቀስ ብሎ ዞሮ ፈለገኝ፣ አገኘኝ። ሰላም አላለኝም። እንደማያውቀኝ ሆኖ ወደ ሳህኑ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ምሳው እስኪያልቅ ድረስ ሆን ብሎ ጮክ እያለ "ጎይቶም እንጀራ ጨምር፣ ጎይቶም ውሃ ጠጣ" ሲል ሰማሁት። እያንዳንዷ ጎይቶም ጥፊ ነበረች። የበላሁት አልጣመኝም።

ሐሸንጌ ስንደርስ ንፋሱ ተነስቷል። ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ከብትና ፈረስ ይግጣል፤ ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ብርዱ ግን ከሩቅ ይጣራል። ሸራውን ወጥረን ምሰሶውን ገጠምን። ጎማዋን ስገጥም ስንጥቆቿ በጣቴ ተሰሙኝ። አባቴ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ጠዋት የነገረኝን እንዲደግምልኝ ጠበቅኩ። አልደገመም፤ ሹፌር ነዋ፣ ምን አገባው።

ሲሄድ ግን ሄደ። መጀመሪያ ሁለቴ ወደቅኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሸራው ንፋሱን ያዘና ሰሌዳው ከእግሬ ሥር ነፍስ ዘራ። ስድስት ዓመት የረሳሁት ጉልበቴ ትዝ አለው። አሥር ደቂቃ ያህል በእውነት የፎከርኩትን ሰው ሆንኩ። ዞር ብዬ ወደ ዳር ሳይ ሠርክአዲስ ስልኳን ደግና ታነሳኛለች። አባቴ የሚኒባሷ በር ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ እጁ ዓይኑን ከፀሐይ ከልሏል። ከዚያ ያንን እጅ ወደ ላይ ዘረጋው፣ እንደ እልልታ አወዛወዘው። ግድግዳ ሠርቶ የጠበቀው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ልመለስ ብዬ ስዞር ጎማዋ ተበጠሰች።

ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ሸራው ከነምሰሶው በአንድ በኩል ወደቀ፣ እኔ በሌላ በኩል። ሸራው ሲሰምጥ አየሁት። ሰሌዳውን ታቅፌ ተኛሁ። በእጄ ብቀዝፍ ንፋሱ ይዞኝ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ዳሩ እየራቀ፣ ሰዎቹ እያነሱ መጡ። ብርዱ ጣቶቼን ወሰደ። የውሃ መምህር ነኝ። የሐይቁን ጥልቀት በሜትር ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ያን ጊዜ ሳስበው የነበረውም እሱን ነው።

ከዚያ ጥሩምባ ሰማሁ። ያልተቋረጠ የሚኒባስ ጥሩምባ። ቀና ስል አባቴ መኪናዋን በሜዳው ላይ፣ በከብቶቹ መሃል እየነዳ የሐይቁን ዳር ይዞራል። ዋና አያውቅም። የሚያውቀው መንዳት ነው፣ እሱኑ አደረገ። ንፋሱ ወደሚወስደኝ አቅጣጫ፣ ከእኔ ጎን ለጎን፣ ጥሩምባውን ሳይለቅ እየነዳ ማዶ ቀደመኝ። ረግረጉ ውስጥ ሲገባ ሚኒባሷ እስከ ጎማዎቿ ሰጠመች። ወረደ። ጠዋት ሰሌዳውን ያሰረበትን ገመድ አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ፣ ሌላውን ከወገቡ አሰረና ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ እስከ ደረቱ። እዚያ ቆሞ ጠበቀኝ። ስደርስ የያዘኝ በሸሚዜ ኮሌታ ነው፣ ልጅ ሳለሁ ገበያ ውስጥ እንዳልጠፋበት እንደሚይዘኝ።

ጥሩምባውን የሰሙ ገበሬዎች ሮጠው ደርሰው ነበር፤ ጎተቱን። ሠርክአዲስና አብርሽም እያለከለኩ ደረሱ። ሳር ላይ ተጋድሜ ውሃ ስተፋ አባቴ ጀርባዬን ይመታል። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ሸበቶ ሰው፣ አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ።

"ወድኹም ድዩ?" አለው። ልጅዎ ነው ወይ ማለቱ ነው።

የአባቴ እጅ ጀርባዬ ላይ ቆመ። እኔ እንድመልስ የጠበቀኝ መሰለኝ። እኔ አፌ ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን አልቆ ነበር፣ መናገር እችል ነበር።

"ኣይኮነን" አለ። "ተሳፋሪየይ እዩ።" አይደለም፤ ተሳፋሪዬ ነው።

መቐለ ዓመት ለኖረች ሰው ይህን ያህል ትግርኛ አይከብዳትም። ሠርክአዲስ ሁለታችንንም አየችን።

ገበሬዎቹ ሚኒባሷን ገፍተው አወጡልን። ጉዞ ስንጀምር ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። አባቴ የራሱ ሱሪ ውሃ እያንጠባጠበ ከመቀመጫው ሥር ያንን ግራጫ ኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበለኝ። "ይልበሱት መምህር" አለኝ። ለበስኩት። የሳሙናና የነዳጅ ሽታ ነበረው፤ የቤታችን ሽታ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"ሠርክአዲስ" አልኩ። "ሹፌር አይደለም። አባቴ ነው። ኣባዲ ማለት እሱ ነው። መሐንዲስ ያልኩትም ውሸት ነው።"

አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

"መምህር ብርድ መትቷቸዋል" አላት፣ ረጋ ብሎ። "የሐሸንጌ ውሃ ራስ ላይ ይወጣል። ኣይፍረዱባቸው፤ ትንሽ ይተኙ።"

አብርሽ ሳቀ። ሠርክአዲስ አልሳቀችም። እስከ መቐለ ድረስ መንገዱን እያየች መጣች። አባቴ ከለለኝ ይሁን ወይስ ከእኔ ጋር ጨረሰ፣ ያን ጊዜ አላወቅኩም። በማግስቱ ጠየቅኩት፤ ለምን እንዲህ አልክ፣ እውነቱን ስናገር ለምን አላስጨረስከኝም አልኩት። ሽንኩርት እየከተፈ ነበር። ሰው ኩርባ ላይ መኪና አያዞርም አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ሰኞ ሠርክአዲስን ቢሮዬ በር ላይ አቁሜ ስሜን በጣቴ አሳየኋት። ቀስ ብላ አነበበችው፣ ሁለቱንም ቃል። አባትህ ይህንን በር አይተውት ያውቃሉ ወይ አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወደ ሥራ ቦታዬ ይዤው መጥቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የቆጠርኩት። አያውቅም አልኳት። ትታኝ ሄደች። ሁለት ሳምንት ከሩቅ ሰላም ስትለኝ ከረመች። በሦስተኛው ሳምንት ክበብ ውስጥ በአጠገቤ ስታልፍ እሁድ ቤታችሁ እመጣለሁ አለችኝ። "ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለች።

እሁድ ቤቱን ጠረግሁ። አባቴ ሙዝና ብርቱካን ገዝቶ መጣ። እንግዳ አለ ስለው ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም። አሮጌ ሹራቡን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ቆየ።

በሩ ሲንኳኳ ሬዲዮውን አጠፋና ተነሳ። በጠባቧ ኮሪደር እኔ ወደ በሩ፣ እሱ ወደ ጓዳው ልንተላለፍ ስንል ቆመ። ውጭ ያለው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዛሬስ ጎይቶም ልሁን ኣባዲ?" አለኝ።

ፊቱን አየሁት። ምፀት ፈለግኩበት። ቂም ቢሆን፣ ንዴት ቢሆን፣ የሆነ የምቀጣበት ነገር ባገኝበት ደስ ባለኝ። ምንም የለም። ሰውየው የሚጠይቀው ሊያውቅ ፈልጎ ነው፣ እንዳያሳፍረኝ።

"ኣባዲ" አልኩት።

"እሺ" አለ፣ መንገድ ተቀይሯል እንደተባለ ሹፌር። ኮቱን ሊለብስ ወደ ውስጥ ገባ።

በሩ እንደገና ተንኳኳ። አባቴ እስኪወጣ ድረስ አልከፈትኩም።